ያው ነው፣ ግቡ

«ሥራው ምን ይከብዳል አክስቴ? ቆሞ ፈገግ ማለት አይደል እንዴ!»

ይህን ያለችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ካሉት አዳዲስ ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆና ተቀጥራ፣ ደስታዋን ልትነግረኝ መጥታ ነው። ድንቄም ቆሞ ፈገግ ማለት! ሃያ ስድስት ዓመት ምግብ ቤት በር ላይ ቆሜ ጉልበቴ ያለቀው፣ ደም ሥሬ እንደ ገመድ የተገተረው ፈገግ ስል መስሏታል። በያዝኩት ማማሰያ አንዴ ባቀምሳት ደስ ባለኝ። ደግሞ ትንሽ ቆይታ፣ «አንቺስ ለምን ጡረታሽ ሳይደርስ ወጣሽ? ሰዎቹ አባረሩሽ አይደል?» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወራው። እስከ ዛሬ የሆዴን በሆዴ ይዤ ኖርኩ፤ አሁን ግን በቃኝ። ማን እንዳባረረኝ እኔው ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት ባህል አዳራሽ ሰፈር አንዲት ቁርስ ቤት ነው። ባለቤቷ ዘነበች የሚባል ስም እንዳለኝ ሳታውቅ ሁለት ዓመት «አንቺ!» ስትለኝ ኖረች። ከዚያ አንድ ሆቴል ገባሁ። እዚያ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶቹ ጋር «ዘና» እንድል ፈለገ። ዘና የምትልልህን ፈልግ ብዬው ሽርጤን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ደሞዙ ደህና ነበር፤ አልቆጨኝም።

ከዚያ ነው የአቶ ወርቁ ቤት የገባሁት። ሐይቅ ዳር፣ ዛፎቹ ላይ ያ ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ተደርድሮ የዓሣ አንጀት የሚጠብቅበት ሰፊ ግቢ ነው። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን፣ አማቶቻቸውን፣ እንግዶቻቸውን ይዘው የሚመጡበት የቤተሰብ ምግብ ቤት ነበር። አቶ ወርቁ ነፍሳቸውን ይማረውና ቁጡ ግን ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ሁለት ጓዳ ነበረው፤ በቀኝ የክርስቲያን፣ በግራ የሙስሊም። አንዱ ሌላው ያረደውን እንደማይበላ ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ሥጋው ከሁለት ሥጋ ቤት ይመጣል፣ ፍሪጁ ሁለት፣ ቢላው ሁለት፣ መክተፊያው ሁለት። መሀሉ ላይ ግንብ አለ። እንግዳውን ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ የሚወስደው ደግሞ በር ላይ የቆመው ሰው ነው።

በር ላይ የቆሙት ጋሽ ታደለ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚቆሙ፣ ሳቅ የማያበዙ ሰው። እኔን አጠገባቸው ሲያቆሙኝ የመጀመሪያ ቀን ያሉኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ዝጊና ጆሮሽን ክፈቺ» ነው። ስድብ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ለካ ሥራው እሱ ነው።

ሰው ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ?» ይላሉ። ከዚያ ዝም። ጭጭ። የኛ ሰው ደህንነቱን ተጠይቆ ፈጣሪውን ሳያነሳ አይመልስም። አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ወደ ቀኝ። አንዱ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ወደ ግራ። አንዱ «ጌታ ይባረክ!» ብሎ እጅሽን ጨብጦ ይወዘውዝሻል፤ እሱም ወደ ቀኝ ነው፣ ግን ረቡዕና ዓርብ ስለ ጾም አትጠይቂው፣ ቢራም አታንሺበት። ሁለት ዓይነት መልስ ከአንድ ቡድን ከሰማሽ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመጡ ሁሌም እንደዚያ ነው፣ ወደ ሐይቁ ዳር ጠረጴዛዎች ውሰጃቸው፤ እዚያ ዓሣ ነው የሚበላው፣ ዓሣ ደግሞ አራጅ አይጠየቅለትም። ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ በሳቸው ዘንድ ትልቅ ነውር ነበር። «ኬላ ነው እንዴ? ሰው ሊበላ ነው የመጣው!» ይሉ ነበር።

«ስንት ናችሁ?» ማለትም ክልክል ነው። ሰው እንደ ጆንያ አይቆጠርም፤ ልጆቿ ሲቆጠሩ ደስ የሚላት እናት የለችም። ጋሽ ታደለ አቀርቅረው ጫማ ይቆጥሩ ነበር። ጥቁር የለበሰ፣ ጸጉሩን የተላጨ ሰው ካለ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ከልደት ጠረጴዛ አርቀሽ አስቀምጪ። ስትመሪ በሽማግሌው እርምጃ ልክ ሂጂ። የተኳረፉ ባልና ሚስት ፊት ለፊት አታስቀምጪ፤ ጎን ለጎን ሆነው ሐይቁን ይዩ። ይሄን ሁሉ ማን ጻፈው? ማንም። ዘንድሮ «የመስተንግዶ ሥልጠና» ብለው ሦስት ቀን ያስተምሩና ወረቀት ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ ላይ ፈገግታ እንጂ ጫማ መቁጠር የለም።

ግን ከሁሉም የሚበልጠው የጠዋት ልማዳቸው ነው። ጋሽ ታደለ በር ላይ ከመቆማቸው በፊት በየቀኑ ሁለቱም ጓዳ ይገባሉ። የቀኙን ፍሪጅ ከፍተው ያያሉ፣ የግራውን ከፍተው ያያሉ። ሥጋው ከየት እንደመጣ ማህተሙን ያያሉ። ወጥ ሠሪዎቹን አንድ በአንድ ሰላም ይላሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ቆልፈው በር ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን ቸኩዬ «ትናንት አይተነው የለም ወይ ጋሽዬ?» ብላቸው ዓይናቸው ቀላ። «ትናንት የበላውን ነው ዛሬ የምታስገቢው? ያላየሽውን አትመስክሪ!» አሉኝ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እኔም ያንን ሳላደርግ የቆምኩበት ቀን አልነበረም። ልጁ እስኪመጣ ድረስ።

ልጁ የአቶ ወርቁ ልጅ ሳሙኤል ነው፤ ሳሚ ነው የምንለው። አባቱ ሲያርፉ ቤቱን ተረከበ። አዲስ አበባ የሆቴል ትምህርት ተምሮ መጥቷል፤ ይሁን። ወንበር ቀየረ፣ ቀለም ቀየረ፣ እኔን ቀይ ኮት አለበሰኝ፤ ይሁን። ከዚያ መሀል ያለውን ግንብ አፈረሰው። «ወጥ ቤቱ ሰፊና ዘመናዊ እንዲሆን ነው እትዬ ዘነቡ» አለኝ። በሩ ላይ ደግሞ ለንጽህና ሲባል ከወጥ ቤት ሠራተኛ በቀር መግባት ክልክል ነው የሚል ለጠፈ። በነጋታው እንደ ልማዴ ልገባ ስል ክንዴን ያዘኝ። «እርስዎ የፊት ለፊት ሰው ነዎት፤ ልብስዎ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ይተውልን።»

ተውኩ። እዚህ ላይ ነው ራሴን የማልምረው። ለጡረታዬ ጥቂት ነበር የቀረኝ፣ ከልጅ ጋር እሰጥ አገባ መግጠም አልፈለግሁም፣ ተውኩ!

ከዚያ ምልክቱ መጣ። የግራው ወጥ ሠሪ ከድር በድንገት ለቀቀ ተባለ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሳሚን «አሁን በሙስሊሙ በኩል ማን ነው የሚሠራው?» ብዬ ብጠይቀው «ሰው አለ፣ አያስቡ» አለኝ። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሥጋ የሚያመጡት ባጃጆች ሁለት ነበሩ። አንድ ሆኑ። በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ? ጠረጠርኩ። ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ምናልባት ተራ በተራ እያመጡ ይሆናል ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።

አሁን ሐጂ ኑሪን ልንገራችሁ። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘይነባና ከልጆቻቸው ጋር እሑድ እሑድ ይመጡ ነበር፤ ልጆቹ ሲታዘሉ አውቃቸዋለሁ፣ አድገውም አውቃቸዋለሁ። ሐጂ አስተናጋጅ አይጠይቁም፣ ሜኑ አያዩም። በር ላይ እኔን ነው የሚጠይቁት። «ዘነቡ፣ ያው ነው?» ይላሉ። «ያው ነው ሐጂ፣ ግቡ» እላለሁ። በቃ። የግራው ጓዳ እንደነበረ ነው ወይ ማለታቸው ነው፤ እኔም በጠዋት አይቼ ስለምወጣ ነበር የምመልሰው።

ግንቡ ከፈረሰ ወዲህ ሳይመጡ ቆይተው፣ ትልቋ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። በዚያው ሰሞን ታጭታ ነበርና የእጮኛዋ ቤተሰቦች ከአገር ቤት መጡ። ሐጂ ሁሉንም ይዘው መጡ፤ አቀርቅሬ ጫማ ብቆጥር ቁጥሩ አለቀብኝ። ከፊት የእጮኛዋ አባት ናቸው፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ። በሩ ላይ ቆሙ። አልገባም አሉ።

«እኔ ከቤት ውጭ ሥጋ በልቼ አላውቅም ሐጂ። ሻይ ይበቃኛል፤ እናንተ ብሉ» አሉ።

ሐጂ ሳቁ። እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። «አባባ፣ እሷን ይጠይቋት። አሥራ ስምንት ዓመት በዚች ሴት ቃል ነው የበላሁት።»

ሽማግሌው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ጠዋት ጓዳ አልገባሁም። ፍሪጅ አልከፈትኩም። አንዷን ባጃጅ ብቻ አይቻለሁ። ከኋላዬ ሳሚ በመስታወቱ እያየኝ ነው። ከፊቴ ሐጂ በእንግዶቻቸው ፊት በኔ ኮርተው ቆመዋል። ምን ልበል? «ቆዩ፣ ገብቼ ልይ» ማለት ያቅተኛል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር!

«ያው ነው፣ ግቡ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገቡ። ሽማግሌው ጥብስ በሉ፤ ሲወጡም መረቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ከድርን ገበያ አገኘሁት። ሳትሰናበተኝ ሄድክ ብዬ ልቆጣው ስል እሱ ቀደመኝ። «እትዬ፣ አልነገሩሽም እንዴ? እኔ የወጣሁት እኮ ሥጋውን ስለቀላቀሉት ነው። በየቀኑ በርካሽ ካገኙበት ያመጣሉ። አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ። ሁሉም አንድ ፍሪጅ ይገባል፣ በአንድ ቢላ ይከተፋል። ይሄን እያወቅሁ ለሙስሊም አላበላም፣ ለክርስቲያንም አላበላም ብዬ ወጣሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐጂ ኑሪ እንግዳ ይዘው የመጡ ቀን የገባው ከክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ነው። ያመጣው ሰው ራሱ ነገረኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የገዛሁትን ቲማቲም እዚያው ጥዬ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ወጥ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ገንጥዬ ገባሁ። እውነት ነው። አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ግንድ መክተፊያ። ለካ እኛ ሠራተኞቹም ስንት ወር የማን እንደሆነ የማናውቀውን ስንበላ ኖረናል። ሳሚ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆኑ እትዬ ዘነቡ? እንግዳ አለ፣ ቀስ ይበሉ!»

«አባትህ ይሄን ቢያይ ምን ይልህ ነበር?»

«ሥጋ ሥጋ ነው። ማንም አላወቀ፣ ማንም አልታመመ። ምን ጎደለባቸው?»

ምን ጎደለባቸው! በጥፊ አላልኩትም፤ ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንኳ ይቀለኝ ነበር። በነጋታው ጠዋት ቀይ ኮቴን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት ሲመጡ «እንደምን አደራችሁ?» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ሥጋው ተቀላቅሏል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዓሣ ብሉ ወይ ሌላ ቤት ሂዱ» አልኳቸው። ቀጥሎ የመጡትንም፣ ከነሱ ቀጥሎ የመጡትንም እንደዚያው አልኩ። አምስተኛው ቤተሰብ ላይ ሳሚ ደርሶ እጄን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተተኝ። ነጭ ሆኗል ፊቱ። አላባረረኝም! የእህቴ ልጅ ትስማ፤ አላባረረኝም። «እለምንዎታለሁ፣ ቤት ሄደው ይረፉ፣ እናስተካክላለን» ነው ያለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰይጣን ሲመክረኝ ነበር። ካልነገርሻቸው አያውቁም፤ ሳያውቁ ለበሉት ደግሞ ፈጣሪ አይጠይቃቸውም፤ ለምን ሰላማቸውን ትነሻለሽ ይለኛል። ግን ሐጂ በሚመጣው እሑድ መጥተው እንደገና ሊጠይቁኝ ነው። ሽማግሌው ደግሞ በሕይወታቸው አንድ ቀን ከቤት ውጭ ሥጋ የበሉት በኔ ምላስ ነው።

ሐጂ ጨርቅ ሲለኩ ደረስኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐጂ ሜትሩን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«አውቀሽ ነው?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር ማለት እችል ነበር። ውሸትም አይባል። ግን አፌ እምቢ አለ።

«ጠርጥሬ ነበር ሐጂ።»

ከዚያ «ቁጭ በይ፤ ስሚ» አሉኝና ስልካቸውን አወጡ። ሽማግሌው ጋ ደወሉ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ከዚያ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «አባባ፣ ያን ቀን ያበላኋችሁ ሥጋ ሐላል አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላጣራ ነው ያስገባኋችሁ» አሉ። ስሜን አላነሱም። የቤቱንም ስም አላነሱም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ናቸው የተናገሩት፤ ሐጂ «አዎ… ልክ ነዎት… አዎ አባባ…» ብቻ ነበር የሚሉት። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ወይዘሮ ዘይነባ ፊታቸውን ወደ ጨርቆቹ አዙረው ያለቅሳሉ። እኔ እንደ ድንጋይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ስልሳ ዓመት ተከብረው የኖሩ ሰው እንደ ልጅ ሲገሠጹ መስማት ምን እንደሆነ እናንተ አታውቁትም፤ አይድረስባችሁ።

ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ እንዴት ጥሩ ነበር!

«ባታውቂ ኖሮ አብረን እናዝን ነበር። ጠርጥረሽ ግቡ ማለትሽ ነው የከፋው። ክፉ አልመኝልሽም ዘነቡ፤ አላህ ይቅር ይበልሽ። ግን ከእንግዲህ የሰው በር ላይ አትቁሚ።»

ሠርጉ ሆነ ብለውኛል። ሽማግሌው ግን ሐዋሳ ድረስ አልመጡም፤ ታምሜ ነው ብለው ላኩ። ልጅቷ አማቷ ሳይገኙላት ተዳረች።

በሳምንቱ ሳሚ ቤቴ ድረስ መጣ። ግንቡን መልሶ ሠርቷል፣ ከድርንም ለምኖ መልሷል፣ ከሁለቱ ሥጋ ቤቶችም ጋር ውል ተዋውሏል። ሰው ግን አላምን ብሎታል። «እርስዎ በር ላይ ከቆሙ ያምናሉ እትዬ። የፈለጉትን ደሞዝ እከፍላለሁ። የጡረታዎም ጊዜ ይሞላል» አለኝ። አያችሁ? አሁንም የፈለገው ፊቴን ነው፤ እንደ ማስታወቂያ ሊሰቅለኝ! ወግድ አልኩት። እልህ መስሎት ነው የሄደው፤ ሰፈሩም አባረሯት አለ። እውነቱ ግን ያሰናበቱኝ ሐጂ ኑሪ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ቀጣሪዬ አልነበሩም።

ባለፈው ወር ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡሹሎ፣ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ ሁለት ነው፤ አንዱ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ የተዘጋጀ። ወንድሜ ነጠላውን እያጣፋ መጣና፣ «እህቴ፣ አንቺ የለመድሽው ሥራ ነው፤ በር ላይ ቆመሽ እንግዳውን ወደየድንኳኑ አስገቢልን» አለኝ። ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። «የገዛ ወንድምሽ ድግስ ላይ? አንዲት ቀን?» አለ። ጓዳ ገባሁና ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ውጭ እንግዳው እየመጣ ነው፤ የሚቀበለው ሰው ጠፍቶ በሩ ላይ ሲጠባበቅ ድምፁ ይሰማኛል። ወንድሜ እንደገና መጣ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ኮራሽብን እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቀና ሳልል መክተፌን ቀጠልኩ።